ፖርሼ ካየን

ፖርሼ ካየን የጀርመኑ ፖርሼ ኩባንያ ከ2002 ጀምሮ የሚያመርተው ቅንጡ የኤስ ዩ ቪ መኪና ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መቀመጫውን በሽቱትጋርት ከተማ ያደረገው ፖርሼ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለገበያ የሚያቀርባቸው ዝቅ ያሉ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪኖችን ብቻ ነበር። ካየን ኩባንያው በብዛት አምርቶ የሸጠው የመጀመሪያው ባለ አራት የጎን በር መኪና ነው። የ928 ሞዴል ምርት በ1995 ከቆመ በኋላም ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት የመጀመሪያው ፖርሼ ሆኗል።

ካየን በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ የምትገኘው የፈረንሳይ ጊያና ዋና ከተማ ስም ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ደርቆ የሚፈጭ የሚያቃጥል ቀይ በርበሬም አለ፤ ኩባንያው ለመኪናው ስም ሲያወጣ ያሰበው በርበሬውን ነው።

መኪናው ሲወጣ የፖርሼ ወዳጆች የኩባንያውን ስም የሚያረክስ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር። ሆኖም ለበርካታ ዓመታት ከፖርሼ ሞዴሎች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ሲሆን፣ የስፖርት መኪኖቹ ልማት የቀጠለውም በአብዛኛው እርሱ ባስገባው ገቢ ነው።

ከካየን በፊት የነበረው ቀውስ

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፖርሼ በዓመት ከ50,000 በላይ መኪኖች ይሸጥ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚላከው ወደ አሜሪካ ስለነበር የኩባንያው ጤንነት በዶላር ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዶላር ሲረክስና በ1987 የአክሲዮን ገበያው ሲናጋ ገዢው ሸሸ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታዊው ሽያጭ ወደ 15,000 ገደማ ወረደ፤ ኩባንያው በኪሳራ ላይ ወደቀ፣ በትልልቅ አምራቾች ይገዛል የሚል ወሬም በሰፊው ተናፈሰ።

በ1993 የኩባንያው ሊቀ መንበር የሆኑት መሐንዲሱ ቬንዴሊን ቪደኪንግ የጀመሩት ከፋብሪካው ወለል ነበር። ቀደም ሲል በቶዮታ የሠሩ ጃፓናውያን አማካሪዎችን ጠርተው በየመደርደሪያው የተከመረውን የመለዋወጫ ክምችት አስቀነሱ፤ አንድ መኪና ለመሥራት የሚፈጀውንም ሰዓት አሳጠሩ። በ1996 የወጣው ቦክስተር ብዙ ክፍሎቹን ከአዲሱ 911 ጋር እንዲጋራ ተደርጎ የተነደፈ በመሆኑ በአነስተኛ ወጪ ሁለት ሞዴሎች ማቅረብ ተቻለ።

ችግሩ ግን ሥሩ አልተነቀለም። ሁለቱም ሞዴሎች የስፖርት መኪኖች ናቸው፤ የሚገዛቸውም አንድ ዓይነት ሰው ነው። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ይህ ገዢ በመጀመሪያ የሚተወው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መኪናውን ነው። ስለዚህ አመራሩ ከስፖርት መኪናው ገበያ ጋር አብሮ የማይወድቅ ሦስተኛ ሞዴል መፈለግ ጀመረ። ከታሰቡት አማራጮች አንዱ ቤተሰብ የሚጭን ሰፊ መኪና ነበር። የአሜሪካ ገበያ ግን ወደ ኤስ ዩ ቪ ያመዝን ነበር፤ የፖርሼ ደንበኞች ብዙዎቹ ከ911 ጎን የሌላ አምራች ኤስ ዩ ቪ እንደሚያቆሙም ይታወቅ ነበር።

ፖርሼ ለጭቃና ለአሸዋ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በ1950ዎቹ ለጀርመን ጦር ጨረታ 597 የተባለ አነስተኛ የመስክ መኪና ሠርቶ ነበር። በ1984 እና በ1986 ደግሞ ከ911 እና ከ959 የተዘጋጁ መኪኖቹ የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሸንፈዋል። ይሁን እንጂ ለቤተሰብ የሚሆን ከባድ መኪና የመሥራት ልምድም ሆነ ፋብሪካ አልነበረውም።

ከፎልክስዋገን ጋር የተደረገ ትብብር

በመጀመሪያ የታሰበው ከመርሴዲስ ቤንዝ ጋር በኤም ክላስ ላይ ተመሥርቶ መሥራት ነበር። ይህ ንግግር ሳይሳካ ሲቀር ፖርሼ ወደ ፎልክስዋገን ዞረ። የፎልክስዋገን መሪ የነበሩት ፈርዲናንድ ፒየች የፖርሼ መሥራች የፈርዲናንድ ፖርሼ የልጅ ልጅ ስለነበሩ ሁለቱ ኩባንያዎች ባዳ አልነበሩም። ትብብሩ በ1998 ይፋ ሆነ።

በስምምነቱ መሠረት የጋራውን ሻንሲና መዋቅር በማልማት ረገድ ግንባር ቀደሙ ፖርሼ ሲሆን፣ ፎልክስዋገን ደግሞ ግዙፍ የማምረት አቅሙን አቀረበ። ከዚህ ሥራ የፎልክስዋገን ቱዋሬግ እና ካየን ተወለዱ፤ በ2005 ደግሞ አውዲ ኪው 7 በዚሁ መሠረት ላይ ተሠራ። ቱዋሬግና ካየን በሮቻቸው ሳይቀሩ ተመሳሳይ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው በሞተሩ፣ በመሪው፣ በፍሬኑና በሞላው አስተካከል ላይ ነበር። ባለ 8 ሲሊንደሩ ሞተር ፖርሼ ራሱ የነደፈውና በሽቱትጋርት ዙፈንሃውዘን የሚሠራው ነው።

የመኪናው አካል ቀለም ተቀብቶ የሚወጣው በስሎቫኪያ ዋና ከተማ በብራቲስላቫ ካለው የፎልክስዋገን ፋብሪካ ሲሆን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ምሥራቅ ጀርመኗ ላይፕሲግ ይጓዝ ነበር። በላይፕሲግ ፖርሼ ለዚሁ ሲባል በ2002 የከፈተው አዲስ ፋብሪካ ሞተሩን ገጥሞ ሥራውን ይጨርስ ነበር። ቪደኪንግ ለዚህ ፋብሪካ የቀረበላቸውን የመንግሥት ድጎማ አልቀበልም ማለታቸው በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል፤ የምሥራቅ ጀርመን ግዛቶች ፋብሪካ ለመሳብ በሚሽቀዳደሙበት ዘመን ያልተለመደ ነበርና። ከፋብሪካው አጠገብ የታወቁ የዓለም የውድድር ሜዳዎችን ኩርባዎች የሚያስመስል አስፋልት ተዘርግቷል። በቀድሞ የጦር ማሠልጠኛ መሬት ላይ ደግሞ የአባጣ ጎርባጣ መፈተኛ ተዘጋጅቷል።

የመጀመሪያው ትውልድ (2002–2010)

ካየን ለሕዝብ የቀረበው በመስከረም 2002 በፓሪስ የመኪና ትርዒት ነው። ሁለት ዓይነት ነበር፤ 340 የፈረስ ጉልበት ያለው ካየን ኤስ እና 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ካየን ቱርቦ። ሁለቱም 4.5 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አላቸው። በቀጣዩ ዓመት ከፎልክስዋገን በተገኘ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር የሚሠራ፣ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ርካሽ ሞዴል ተጨመረ።

መሐንዲሶቹ የገጠማቸው ፈተና ከፊዚክስ የመነጨ ነው። ቱርቦው ባዶውን 2,355 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መኪና ከመሬት ከፍ ባለ መጠን የክብደቱ ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል፤ በኩርባ ላይ አካሉ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ በውጭኛው ጎማ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበዛል። ኃይል በመጨመር ብቻ ይህን ማሸነፍ አይቻልም፤ ፈጥኖ የሚሄድ ከባድ መኪና ማቆምም ከባድ ነው። የካየን የቴክኒክ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ክብደት ጉዳይ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ለጥያቄው የሰጠው መልስ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል እውነተኛ የመስክ መኪና ነበር። ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ተጨማሪ ማርሽ፣ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል፣ በአየር የሚሠራና መኪናውን ከመሬት እስከ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርግ ሞላ ነበረው፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃም ያቋርጣል። በሌላ በኩል በተለመደው አነዳድ ከሞተሩ ኃይል 62 በመቶውን ለኋላ፣ 38 በመቶውን ለፊት ጎማዎች ያከፋፍላል። ይህ አከፋፈል የኋላ ጎማ የሚነዳውን የስፖርት መኪና ጠባይ እንዲመስል ታስቦ የተደረገ ነው። ቱርቦው ከቆመበት ተነሥቶ በ5.6 ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ 266 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ፍጥነት ከእንዲህ ያለ የመስክ ችሎታ ጋር በአንድ መኪና ላይ የተገናኘበት ጊዜ እምብዛም ነው።

በ2006 የ521 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ ኤስ ተከተለ። በ2007 ሞዴሉ ታድሶ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ተገጠሙለት። በኩርባ ላይ አካሉ እንዳያጋድል በሃይድሮሊክ ግፊት የሚከላከል መሣሪያም በአማራጭነት ቀረበ። በዚሁ ዓመት የወጣው ጂ ቲ ኤስ ዝቅ ያለና ጠጠር ያለ፣ በፍላጎት በእጅ ማርሽ ጭምር የሚገኝ ነበር። ይህ ሞዴል መኪናው ወደፊት ወዴት እንደሚያዘነብል ቀድሞ አሳይቷል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ፣ በ2007 ከሞስኮ ተነሥቶ ኡላንባታር በሚያበቃው የትራንስሳይቤሪያ የረጅም ርቀት ውድድር ለዚሁ የተዘጋጁ ካየኖች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ወስደዋል።

እንከን አልባ ግን አልነበረም። በባለ 8 ሲሊንደሩ የመጀመሪያ ሞተር ላይ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያመላልሱት የፕላስቲክ ቧንቧዎች ከጊዜ ብዛት በሙቀት ይሰነጠቁ ስለነበር በአሉሚኒየም መተካት ነበረባቸው። ዛሬ አሮጌ ካየን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ተቃውሞ፣ ገበያና ክስ

የመኪናው መልክ ሲወጣ ብዙ ተነቅፏል። የ911ን ክብ መብራቶችና ዝቅ ያለ አፍንጫ በረጅም ሣጥን ፊት ላይ ማስቀመጥ ያልተዋጣ ሙከራ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ነቀፌታው መሠረት የለውም ማለት ይከብዳል። የረጅም ጊዜ ደንበኞች ደግሞ ከመልኩ ይልቅ በሐሳቡ ላይ ተቆጡ፤ ለእነርሱ ፖርሼ ማለት ቀላልና ትንሽ መኪና ነበር።

ገበያው ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ኩባንያው በዓመት ከ20,000 እስከ 25,000 ለመሸጥ ነበር ያቀደው፤ የመጀመሪያው ትውልድ ምርቱ ሲያበቃ ከ270,000 በላይ ተሠርቶ ነበር። በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ፖርሼ እምብዛም በማይታይባቸው በቻይና፣ በሩሲያና በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተፈላጊ ሆነ።

ትርፉ ኩባንያውን ወደ ሌላ ጀብዱ መርቶታል። ፖርሼ ከ2005 ጀምሮ ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የፎልክስዋገንን አክሲዮን መግዛት ጀመረ። በጥቅምት 2008 የፎልክስዋገን አክሲዮን ዋጋ ንሮ ለአጭር ጊዜ በገበያ ዋጋ የዓለም ትልቁ ኩባንያ እስከ መሆን ደረሰ። ሆኖም በዓለም የገንዘብ ቀውስ መካከል የፖርሼ ዕዳ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ቪደኪንግ በሐምሌ 2009 ሥራቸውን ለቀቁ። ሊውጥ የተነሣው ፖርሼም ተመልሶ በ2012 ሙሉ በሙሉ በፎልክስዋገን እጅ ገባ።

ካየን በአካባቢ ጥበቃ ክርክርም ስሙ ተደጋግሞ ይነሣ ነበር። በ2008 የለንደን ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን ብዙ ካርቦን የሚለቅቁ መኪኖች ወደ ከተማዋ መሃል ለመግባት በቀን 25 ፓውንድ እንዲከፍሉ ውሳኔ ሲያሳልፉ ፖርሼ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በግንቦት ወር ሊቪንግስተንን በምርጫ ያሸነፉት ቦሪስ ጆንሰን ዕቅዱን ስለሰረዙት ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ሁለተኛው ትውልድ (2010–2017)

በ2010 በጄኔቫ ትርዒት የቀረበው ሁለተኛው ካየን በመጠኑ ትንሽ ያደገ ቢሆንም በክብደቱ 180 ኪሎ ግራም ገደማ ቀነሰ። ከክብደቱ የተወሰነው የወረደው አሉሚኒየም በብዛት ሥራ ላይ በመዋሉ ነው። ሌላው ግን በምርጫ የተተወ ነበር፤ ተጨማሪው የጉልበት ማርሽ ከነሣጥኑ ቀረ። ፖርሼ አብዛኞቹ ባለቤቶች ከአስፋልት እንደማይወጡ ያውቅ ነበር። ለመንሸራተት የሚመች መንገድ ሲገጥም ኤሌክትሮኒክሱና ባለ 8 ማርሹ አዲስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይበቃሉ ተብሎ ታመነ። ከዚህ በኋላ ካየን ከመስክ መኪናነት ይልቅ ወደ ከፍተኛ የስፖርት መኪናነት አዘነበለ።

በዚሁ ዓመት የወጣው ካየን ኤስ ሃይብሪድ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምሮ በድምሩ 380 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለፖርሼ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሃይብሪድ መኪና ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለቤተሰቡ አዲስ አልነበረም፤ ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1900 በኤሌክትሪክና በቤንዚን የሚሄድ ሠረገላ ሠርተው ነበር። በ2014 ደግሞ ባትሪው ከግድግዳ ሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ተተካ። በዚያው ዓመት 570 የፈረስ ጉልበት ያለው አዲሱ ቱርቦ ኤስ በጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ሰሜናዊ ዙር በ7 ደቂቃ ከ59.74 ሰከንድ ጨረሰ። በዚያ ኩርባ በሚበዛበት መንገድ ከ8 ደቂቃ በታች መግባት ለኤስ ዩ ቪ የማይታሰብ ነበር።

የዚህ ትውልድ ምርት ከ500,000 በልጧል። በ2016 ግን የፍሬን ፔዳሉን የሚይዝ ትንሽ ቀለበት ሊላቀቅ ይችላል በሚል ከቱዋሬግ ጋር 800,000 ገደማ መኪኖች ለምርመራ ተጠርተዋል።

የናፍጣ ሞተሩ ጉዳይ

ካየን ከ2009 ጀምሮ በናፍጣ የሚሠራ ሞተርም ነበረው። ፖርሼ የሚል ስም የነበራቸው የናፍጣ ትራክተሮች በ1950ዎቹ ይታወቁ እንደነበር ካልተቆጠረ፣ ለኩባንያው ይህ የመጀመሪያው ነበር። 3 ሊትሩን ሞተር የሚያቀርበው አውዲ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከካየን ገዢዎች እጅግ ብዙዎቹ የሚመርጡት እርሱን ነበር። በ2012 የተጨመረው ባለ 8 ሲሊንደር ናፍጣ 850 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። በ2017 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ይኸው ዓይነት ካየን 285 ቶን የሚመዝን የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን 42 ሜትር ጎትቶ በክብረ ወሰን ተመዝግቧል።

ከዚህ ትርዒት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 2017፣ የጀርመን የትራንስፖርት ሚኒስቴር 3 ሊትር ናፍጣ ካየኖች እንዲጠሩ አዘዘ። በመኪናው ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የልቀት ምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ ጎጂውን ጭስ በምርመራው ጊዜ ብቻ ይቀንስ ነበር። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተመሳሳይ ክስ ያቀረበው ቀደም ብሎ በ2015 ነው። ፖርሼ በመስከረም 2018 ከናፍጣ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አስታወቀ፤ በ2019 ደግሞ የጀርመን ዐቃቤ ሕግ 535 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

ሦስተኛው ትውልድ (ከ2017 ጀምሮ)

ሦስተኛው ካየን ነሐሴ 2017 በሽቱትጋርት ይፋ ሆነ። ምርቱ በሙሉ ወደ ብራቲስላቫ ስለተዛወረ ላይፕሲግ ለፓናሜራና ከካየን ለሚያንሰው ማካን ተለቀቀ። ከ2022 ጀምሮ በማሌዥያ ለአገሪቱ ገበያ የሚገጣጠም ሲሆን ይህ ከአውሮፓ ውጭ የተከፈተ የመጀመሪያው የፖርሼ መገጣጠሚያ ነው።

በዚህ ትውልድ ክብደትን የማሸነፉ ሥራ ይበልጥ ለኤሌክትሮኒክስ ተሰጠ። የኋላ ጎማዎች በዝግታ ሲነዳ ከፊቶቹ በተቃራኒ፣ በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ በጥቂቱ ይታጠፋሉ። ከዚህ የተነሣ መኪናው በጠባብ ቦታ ሲዞር ያጠረ፣ በአውራ ጎዳና ላይ የረዘመ ይመስላል። የማጋደል መከላከያው ከሃይድሮሊክ ወደ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ተለወጠ። የፍሬን ዲስኮቹም በአማራጭ እጅግ ጠንካራ በሆነ ተንግስተን ካርባይድ ተሸፈኑ። ቱርቦው 4 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርና 550 የፈረስ ጉልበት አለው።

በ2019 ጣሪያው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ኩፔ ቀረበ። በታህሣሥ 2020 አንድ ሚሊዮንኛው ካየን ከብራቲስላቫ ወጣ። በ2021 የተሠራው 640 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ ጂ ቲ በኑርቡርግሪንግ 7 ደቂቃ ከ38.925 ሰከንድ በመግባት የ2014ን ሰዓት ከ20 ሰከንድ በላይ አሻሻለ። ከቆመበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጅበት 3.3 ሰከንድ ሲሆን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ይህ ሞዴል በ2023 ሲታደስ በልቀት ደንብ ምክንያት በአውሮፓ ኅብረት መሸጥ አቁሟል። በዚያው ዓመት የወጣው ቱርቦ ኢ ሃይብሪድ ኃይል 739 የፈረስ ጉልበት ደርሷል።

የሌሎች አምራቾች እርምጃ

ፈጣን ቅንጡ ኤስ ዩ ቪ የፖርሼ ፈጠራ አይደለም። ላምቦርጊኒ ኤል ኤም 002 የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር የመስክ መኪና በ1986 አውጥቶ ነበር፤ ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 5ም በ1999 ቀድሟል። ካየን ያሳየው ግን የስፖርት መኪና አምራች በዚህ ገበያ ገብቶ ስሙን ሳያጣ ሊያተርፍ እንደሚችል ነው። ከእርሱ በኋላ ቤንትሊ ቤንታይጋን በ2015፣ ላምቦርጊኒ ኡሩስን በ2017፣ አስተን ማርቲን ዲ ቢ ኤክስን በ2019፣ ፌራሪም ፑሮሳንጉዌን በ2022 አቅርበዋል። ከእነዚህ ቤንታይጋና ኡሩስ ከሦስተኛው ካየን ጋር በአንድ የፎልክስዋገን መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

የኤሌክትሪክ ካየን

በኅዳር 2025 ፖርሼ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካየን ይፋ አደረገ። ባትሪው 113 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፣ የቱርቦው ከፍተኛ ኃይል 1,156 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከ2002ቱ ቱርቦ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 2.5 ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። ባትሪው መኪናውን ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ አክብዶታል። ሆኖም የሚያርፈው በወለሉ ላይ ስለሆነ የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ብሏል።

በ2024 ፖርሼ ካስረከባቸው 310,000 ገደማ መኪኖች ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ካየኖች ነበሩ። ኩባንያው የዚህን ያህል ገዢ በአንድ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ለማሻገር አልደፈረም። የቤንዚንና የሃይብሪድ ካየኖች ከኤሌክትሪኩ ጎን ለጎን እስከ 2030ዎቹ ድረስ እንደሚመረቱ አስታውቋል።